ምንጯን የደፈኑት የወይዘሮ የብርጓል አንለይ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የብርጓል አንለይ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ውበቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት በ1904 ዓ.ም. በደብረ ወርቅ አካባቢ፣ በሁለት ወንዞች መካከል በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ያች መንደር በበጋ በእግር ይገባባታል፤ ክረምት ሲሆን ግን ወንዞቹ ሞልተው ደሴት ያደርጓታል። እስከ መስከረም ገቢም ወጪም የለም። ወንዙ ስለሚደፈርስ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነበር። ምንጯን መጠበቅና ተራ ማስከበር የአባታቸው ቤት ድርሻ በመሆኑ፣ ወይዘሮ የብርጓል ፊደል ሳይቆጥሩ የውሃ ዳኝነት ተማሩ። የባላባት ሚስትም ብትሆን ያለ ተራዋ አትቀዳም ነበር። ቁጣቸውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በ1920 ዓ.ም. ከአቶ ፈንታ ወልደ ሚካኤል ጋር በወግ ተጋብተው መንግስቱንና ንግስትን ወለዱ። ጠላት አገራችንን ሲወር ባለቤታቸው ዱር ቤቴ ብለው ወጡ።

በ1930 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የጣልያን ጦር በመንደሯ ሰፍሮ ሳለ ወንዞቹ ሞሉ። ጦሩ ምንጯን ይዞ ዘበኛ አቆመ፤ ባላገሩ ድፍርሱን ጠጣ። የስድስት ዓመቷ ንግስት በተቅማጥ ወደቀች። አቶ ፈንታ ሙላቱን በዋና አቋርጠው መጡና «የብርጓል፣ ምንጯን ድፈኛት፤ ጥም ያስወጣቸዋል» አሏቸው። ዘበኛው የሚጠብቀው መቅጃውን ነው፤ የምንጯ ዓይን ከላይ ከቋጥኙ ሥር መሆኑን የሚያውቅ የዚያ ቤት ልጅ ብቻ ነበር። ወይዘሮ የብርጓል በጭድ በቦካ ጭቃ ደፈኗት። ጦሩ ሲወጣ እከፍታታለሁ ብለው ነበር።

በሳምንቱ ጦሩ በጥም ተገፍቶ ሊሻገር ሲል ብዙውን ወንዙ ወሰደው። ጭቃው ሲነሳ ግን ምንጯ የለችም፤ ሌላ መንገድ አግኝታ ከገደሉ ሥር ወደ ደፈረሰው ወንዝ ገብታለች። ንግስት «እምዬ፣ የምንጯን ውሃ» እያለች አረፈች።

«ምንጭ ያደረቀች» የሚሏቸው ነበሩ፤ ከእነዚያም ዛሬ እዚህ ቆመው የሚያለቅሱ አሉ። ይህን በቀብር ላይ ማንሳት አይገባ ይሆናል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን መልስ ሳይሰጡ ኖሩ፣ ለእሳቸው የሚናገር ይኑር። አቶ ፈንታ በ1932 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። ከነፃነት በኋላ ወይዘሮ የብርጓል ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰው፣ የጣሪያውን ውሃ በጋን እያጠራቀሙ ክረምት ሙሉ ለጎረቤት ያድሉ ነበር። የታመመ ልጅ ላለበት ቤት ግን ተራ የለም።

በልብ ሕመም ደብረ ማርቆስ ከልጃቸው ከአቶ መንግስቱ ቤት ሲታከሙ ቆይተው፣ ነሐሴ 9 ቀን 1986 ዓ.ም. በተወለዱ በ82 ዓመታቸው አረፉ። አንድ ልጅና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል።

የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመንደሯ ከንግስት ጎን መቀበር። ወንዞቹ ሞልተዋል፤ አስከሬናቸውን ማሻገር አልቻልንም። ስለዚህ ዛሬ ልጃቸውን ማዶ ትተው ከወንዙ ወዲህ፣ እዚህ ያርፋሉ።

አምላከ አብርሃም ሙላት ከማያግደው ስፍራ ነፍሳቸውን ከልጃቸው ያገናኝልን። አሜን።