በአፋፉ ማሳ ስለ ተቀበረው ዲያቆን

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አስቀድሜ እናገራለሁ። ዲያቆን ይሥሐቅ ገብረየሱስ የተቀበረው ወገኖቹ አጽሙን አነሣን ባሉበት ስፍራ አይደለም። የተቀበረው በእኔ ማሳ ውስጥ ነው። ይህን እያወቅሁ የሌላ ሰው መቃብር አሳየኋቸው።

ይህን የምናገረው እኔ፣ ስመ ጥምቀቴ ወለተ ኢየሱስ፣ መጠሪያዬ ጥሩሸዋ በዕውቀቱ፣ የሟቹ የአቶ ፈንታ አፈወርቅ ሚስት፣ በመንዝ ከቀየት ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ በሚርቀው ቀበሌያችን ነዋሪ ስሆን፣ ቀኑ ጥር 23 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ደረቴ ታሟል እንጂ ልቡናዬ አልታመመም። ያስገደደኝም የመከረኝም የለም። የምናገረውን የሚጽፉልኝ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። የነፍስ አባቴ ቄስ ዓምደ ሚካኤልም አብረው ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ይህን ገና ዛሬ መስማታቸው ነው።

ቤቱን ለልጄ ለአወቀ ሰጥቻለሁ። ክዳኑ አርጅቷል። የጓሳ ሣር ለአጨዳ ሲከፈት ድርሻችንን አጭዶ ይክደነው፤ ሳይፈቀድ ገብቶ ግን እንዳያጭድ። አባቱ አንድ ጊዜ አድርጎት በአገር ፊት አፍረናል። ጥቁር አፈሩ ማሳም የአወቀ ነው። የሱፍ ባናዬን ለሚስቱ ለእየሩስ ሰጥቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ ሦስት ጊዜ ከልክያታለሁ፤ የከለከላት ስስቴ ነው እንጂ እሷ አላጠፋችም። ከበጎቹ ስድስቱ እናቶች ከነግልገሎቻቸው ለልጄ ለየምሥራች ይሁኑ። ሦስቱ ሙክቶች ከዚህ በታች ለምናገረው ጉዳይ ይቆዩ።

ከገደሉ አፋፍ ያለው ድንጋያማ ማሳ የየምሥራች ነው። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲደለደል ከጥቁር አፈሩ ግማሹን ለቅቄ ይህን አስቀርቻለሁ። ያን ጊዜ ደልዳይ የነበረው፣ ዛሬ ምስክር ሆኖ ከፊቴ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ጎረቤቴ ምንይሉ፣ “ጥሩሸዋ፣ ሰው ገብስ ያጭዳል፣ አንቺ ድንጋይ ልታጭጂ ነው?” ብሎ ስብሰባውን በሙሉ አስቆብኛል። ምክንያቱን ያን ጊዜ አልነገርሁትም። አሁን እነግረዋለሁ።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ በዚሁ በጥር ወር፣ አንድ ወጣት ዲያቆን አኮፋዳውን አንግቶ ከደጄ ቆመ። “ስለ ማርያም ያሳድሩኝ” አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ተስቦ እንደያዘው አወቅሁ። የምሥራች የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። “ቤቱ እንግዳ ሞልቶበታል” አልሁት። በቤቱ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። “እግዜር ይስጥልኝ፤ የበጎቹ በረት ይበቃኛል” አለና መረቀኝ። ሲመርቀኝ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ መሆኑን አየሁ። ሲነጋ ከበረቱ ካብ ሥር ሞቶ አገኘነው።

በአገራችን የእግዜርን እንግዳ ከደጅ መልሶ ለሞት የዳረገ ቤት ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። ሬሳውን ወደ ማርያም ብንወስደው ካህናቱ “የት አደረ?” ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ባሌ ፈንታ ያለ ፍትሐት ከአፋፉ ማሳ ቀበረው። ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ እንዲመስልም ቁልል ከመረበት። በማሳው ላይ እንዲህ ያለ ቁልል አምስት አለ።

አኮፋዳውን ፈንታ አቃጠለው። ውስጡ የነበረውን ዳዊት ግን ደብቄ አስቀረሁ። ፊደል አላውቅም ነበር። የምሥራች ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እሷ ጮኻ ስታጠና እኔ ገብስ እየፈተግሁ በልቤ አጠናሁ። በሦስተኛው ዓመት ዳዊቱን አውጥቼ የፊቱን ገጽ አነበብሁት። “የዲያቆን ይሥሐቅ ገብረየሱስ፣ አገሩ መርሐቤቴ” ይላል። ሰዎች ጥሩሸዋ ለጽድቅ ብላ ፊደል ቆጠረች ይላሉ። እኔ የቆጠርሁት ማንን እንደ ቀበርን ለማወቅ ነው።

በ1985 ዓ.ም. አገሩ ጸጥ ሲል እህቱ ጠጄ መጣች። ወንድሟ ይማርበት ከነበረው ጉባኤ ቤት ተነሥታ ደብር ለደብር ስትጠይቅ ነበር የደረሰችው። “እናትዬ፣ በክፉው ዘመን በዚህ በኩል ያለፈ፣ ጥርሱ የተሸረፈ ዲያቆን አላዩም? እናቴ ሳትሞት አጽሙን ላግባላት ብዬ ነው” አለችኝ።

“በዚያ ዘመን ያላለፈ ማን አለ፣ ልጄ?” አልኋት። ቆሎ አቀረብሁላት። ቆሎውን ሳትነካ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ጊዜ፣ “ከማርያም በስተ ሰሜን፣ ከጽዱ ሥር የተቀበረ ወጣት አለ፤ ዲያቆን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ” አልሁ። አልሰማሁም። እዚያ ያለው በዚያው ዓመት መንገድ ላይ የወደቀ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው ነው። መቃብሩ ሲከፈት ከራስ ቅሉ የፊት ጥርስ ጎድሎ ተገኘ። ጠጄም “እሱ ነው!” ብላ ተደፍታ አለቀሰች። አጽሙ የተጠቀለለበትን አቡጀዲ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴን ስማ፣ አጽሙን ይዛ ወደ መርሐቤቴ ሄደች።

ፈንታ በ1990 ሊሞት ሲል “ለነፍስ አባቴ ልንገራቸው” አለኝ። “ልጆችህ ይሰማሉ” አልሁት። ዝም እንዳለ ሞተ። የእሱም ዝምታ በእኔ ላይ ይቆጠር።

እዚህ ላይ መሪጌታ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ።

“ይህ ባይጻፍስ?” አለ ምንይሉ። “ሟቹም ሞቷል፣ ቤተሰቡም አልቅሶ ወጥቶለታል።”

“ያለቀሱት በሌላ ሰው አጽም ላይ ነው” አልሁት።

“እኔማ ያን ጊዜ ድንጋይ ምናምን ብዬ...” ብሎ አንገቱን ደፋ።

“ስለ ሳቅህ አልከሰስሁህም። ደግሞ ሳቅህ ጠቅሞኛል፤ ማሳውን የሚሻማኝ ጠፋ።”

ሦስተኛዋ ምስክር አመተሥላሴ ሳቀች፤ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቄስ ዓምደ ሚካኤል “ይጻፍ” አሉ። ቀጠልን።

ሦስቱ ሙክቶች አጽሙ ሲነሣ ለዲያቆኑ ተዝካር ይታረዱ። የእሱ ሳይወጣ የእኔ ተዝካር አይደገስ። ዳዊቱ ለጠጄ ይመለስ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስሸሽገው፣ ኋላም ሳነበው ጠርዙ ተበልቷል፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። መርሐቤቴ ያረፈው ያ ስሙ የማይታወቅ ሰው ግን እንዳይነሣ እለምናለሁ። በሰው ስም ይሁን እንጂ ስምንት ዓመት ጸሎት ሲደርሰው ኖሯል፤ ዳግመኛ መንገድ አያሻውም።

የምሥራች፣ በሩ የተዘጋው ለእኔ ሲባል ነው ብለሽ እንዳትሸከሚው። የአራት ዓመት ልጅ በር አይዘጋም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቄስ ዓምደ ሚካኤል፣ “እንግዲህ ታሽጎ በእኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከዕረፍትዎ በኋላ ለሴትዮዋ እንልክላታለን” አሉ። እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብሁት።

“ከአምስቱ ቁልል የትኛው ነው? ልጻፈው” አሉ መሪጌታ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። አንዱ ቁልል ባለፈው ክረምት ወደ ገደሉ ተንዷል። ሁለቱን ልጄ አወቀ አቀላቅሏቸዋል። በሌሎቹም ላይ በየዓመቱ ድንጋይ ይጥልባቸዋል። ስፍራው ቆመው በጣት የሚያሳዩት እንጂ በወረቀት የሚያመለክቱት አይደለም። በሕይወት ካለነው የሚያውቀውም የእኔ ጣት ብቻ ነው።

“አባቴ፣ እኔ ከሞትሁ ማን ያሳያታል?” አልሁ።

“ብትመጣስ ምን ትያታለሽ?” አለኝ ምንይሉ።

“የምትናገረው እሷ ናት። እኔ ስፍራውን አሳያለሁ።”

ስለዚህ ንብረቴን የሚመለከተው ቃሌ ከሞቴ በኋላ ይጽና። ስለ መቃብሩ የተናገርሁት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይጽና፤ ሞቴ አይጠበቅ። መሪጌታ ያነበቡልኝን እኔም በዓይኔ መርምሬ፣ ቃሌ መሆኑን አይቼ ፈርሜያለሁ።

ጥሩሸዋ በዕውቀቱ፣ ፊርማ።
ምስክሮች፦ ቄስ ዓምደ ሚካኤል፣ ፊርማ። አቶ ምንይሉ፣ ፊርማ። ወይዘሮ አመተሥላሴ፣ የጣት አሻራ። ጸሐፊውና አራተኛው ምስክር መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፣ ፊርማ።

እነዚህን ገጾች ምንይሉ “እኔው ልውሰድ” ብሏል፤ ሰኞ ይነሣል። የሚሰጣቸውም ለልጆቼ አይደለም፤ በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ ገበያ ጌሾ ለምትሸጠው ለወይዘሮ ጠጄ ገብረየሱስ ነው።