የእትዬ ጠብቁ ዕረፍትና ያልተመለሰው የእርማት ደብተር

የማኅበራችን አባላት፣ ሠልጣኞችና ደንበኞች ከሁሉ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር እንድትረዱ እንፈልጋለን። ብዙዎቻችን እትዬ ጠብቁ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋዋ የሰውነት እሽት መምህራችን ባለፈው ማክሰኞ በሞት ተለይተውናል። የማሠልጠኛ መጽሐፋችንን ስሕተት ያረሙበት ደብተር ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ የደብተሩ ነገርም ዕረፍት ነስቶናል።

መምህርታችን ማኅበሩ በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት ተቀጥረው ለሃያ ስድስት ዓመታት አገልግለዋል። ዋና ትምህርታቸው ከቆዳ በታች ጡንቻንና አጥንትን ሸፍኖ እርስ በርስ የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ነበር። የሸሚዛቸውን ጫፍ ጎትተው ትከሻው ላይ የሚወጣውን ሽብሽብ ያሳዩና፣ የሚያመው ቦታና የሚጎትተው ቦታ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ያስረዱ ነበር። ተማሪ ቸኩሎ ሲጫን፣ «ሊጥ ነው እንዴ የምታቦካው? እጅህን አሳርፍና ጠብቅ!» ይሉታል። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

ማኅበሩ በተመሠረተ በአሥራ አራተኛው ዓመት የማሠልጠኛ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሚያመውን ቦታ ለይታችሁ በክርን በርትታችሁ ተጫኑ ይላል። መምህርት በስብሰባ ተቃወሙ፤ እኛ በድምፅ ብልጫ አሳለፍነው። ስሕተቱ የእኛ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ዓመት አንዲት ልብስ ሰፊ ትከሻዋን አሟት መጣች። መጽሐፉ እንዳዘዘው ሦስት ሳምንት ተጫንናት፤ ክንዷን ማንሳት አቃታት፣ መቀስ መያዝም ተሳናት። መምህርት ተረክበዋት፣ ጎኗ ላይ ባለ የቆየ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ዙሪያ በቀስታ ሠሩላት፤ ክንዷንም ቀስ በቀስ እንድትዘረጋ አለማመዷት። በሁለት ወር ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አረሙ። እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ትንፋሽ እንደሚጠበቅ፣ መቼ ጭራሽ ሳይነኩ ሐኪም ዘንድ መላክ እንደሚገባ በአርባ አንድ ገጽ ጽፈዋል። ደብተሩ አንድ ብቻ ነው። አባላት በየተራ እየተዋሱ ያነቡት ስለነበር ማን ጋ እንደቀረ አናውቅም። ቅጂ እናስቀር እያልን ዛሬ ነገ ስንል ቆየን። እሳቸው ክፍል ውስጥ እያሉ የመጽሐፉን ስሕተት በቃል ያቃኑት ነበር፤ አሁን የሚያቃና የለም።

ለልጃቸው፣ ለታናሽ እኅታቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ለዳኑ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ልጃቸው እንደነገረችን፣ በመጨረሻው ሳምንት ደጋግመው የጠየቁት ደብተሩ ተመልሶ እንደሆነ ነበር።

ሠላሳ ሁለት አዲስ ሠልጣኞች የፊታችን ሰኞ ይጀምራሉ። በእጃችን ያለው ያው አሮጌው መጽሐፍ ነው። ማንንም አንወቅስም። ደብተሩ እርስዎ ጋ ካለ፣ ከገጾቹ የገለበጡት ካለ፣ ወይም በማን እጅ እንዳዩት ካስታወሱ፣ እባክዎ እስከ ዓርብ ድረስ ለጽሕፈት ቤቱ ደውለው ይንገሩን።