ጥጥ ቀላል ነው ላሉት ጓድ

ለክቡር ጋሼ ጓድ ዓምሃ መሸሻ፣
በፋብሪካው የተጎጂ ሠራተኞች ምደባ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ማለት ቀርቷል ይባላል፤ ጓድ እንዳልልዎ ዕድሜዬ ለስብሰባ አልደረሰም፤ ጋሼ ብቻ ብዬ እንዳልፍ ደግሞ ወንበርዎ ይቆጣል። ስለዚህ ሦስቱንም ጽፌያለሁ፤ የሚስማማዎትን አስቀርተው የተረፈውን ይመልሱልኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ሁለቱም እጆችዎ ደኅና ናቸው? አላህ ይጠብቅልዎ፤ ለማኅተም ያስፈልጋሉ።

እኔ ኡሙሀኒ ፈድሉ እባላለሁ፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ፈድሉ ኑሪ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራበት የሽመና ማሽን አምና ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ የጉዳት ካሳ እየተቀበለ፣ የሚስማማው ሥራ እስኪገኝለት የእርስዎን ክፍል ደጅ ይጠናል። እርስዎም አላሳፈሩንም፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መድበውታል። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1. ሐኪሙ «ቀላል ዕቃ ብቻ ያንሳ» ብሎ ቢጽፍ፣ እርስዎ በጥልቀት አስበው የጥጥ መጋዘን መደቡት። ጥጥ ቀላል መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ታሽጎ የሚመጣው አንዱ ጥቅል ከመጋዘን ጠባቂው ከነካፖርታቸው እንደሚከብድ ግን ያወቀው አባቴ ብቻ ነው፤ ሲገፋው ንቅንቅ አላለም። ሊያመለክት ሲመጣ «ጥጥ ከበደኝ የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ያሉትን ሰፈሩ በሙሉ እስካሁን በአድናቆት ይደግመዋል።

2. ቀጥሎ ስልክ ተቀባይ አደረጉት። በግራ እጁ ስልኩን ከያዘ መልእክቱን በምን ይጻፈው? ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ በግራ እጁ ቢጽፍ፣ ጽሑፉን ማንበብ አቅቶዎት የስድስት ሰዓት ስብሰባ አመለጠዎት። በዚህኛው እንኳ አመስጋኙ እርስዎ መሆን ነበረብዎት።

3. አሁን በር ላይ ፈታሽ ነው። ከሥራ የሚወጣውን ሰው አንዱን ኪስ ሲዳብስ የተሰረቀው ክር ወደ ሌላው ኪስ ይሻገራል።

4. ይኼኛው እንኳ ምስጋና አይደለም። ሸጎሌ ከብት ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ባለቤቱን ይጠይቃል። አባቴን ግን እስከ ዛሬ «ምን ትችላለህ?» ያለው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀው የጎደለውን ነው። በቃ፣ እኔው ልንገርዎ። ማሽኑ ሲንኳኳ ሰምቶ የትኛው ክር ሊበጠስ እንደሆነ ያውቃል። የፋብሪካው የሽመና ሠልጣኞች በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ከበውት ይቆማሉ፤ የሸማኔ ቋጠሮ በግራ እጁና በጥርሱ ያሳያቸዋል። አሠልጣኛቸው ጋሼ ይገዙ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ወንበራቸው ባዶ ነው። እርስዎ «አሠልጣኝ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል» ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ እኮ ሠላሳ ሠልጣኝ አለ፤ ስልሳ እጅ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው ይጠብቃል።

ማክሰኞ ኮሚቴዎ ይሰበሰባል። ሦስት ምደባ ያልሆነለት ሰው ከተመዳቢዎች ዝርዝር ይሰረዛል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ይቀመጣል ተብሏል። አባቴ ይህን ከሰማ ወዲህ የመጋረጃችንን ገመድ፣ የጫማዬን ማሰሪያ፣ የእናቴን የዘንቢል እጀታ ሳይቀር እየፈታ መልሶ ይቋጥራል። ትናንት ትምህርት ቤት ያረፈድኩት ጫማዬን መፍታት አቅቶኝ ነው።

በስብሰባው ላይ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለዚያ አንድ እጅ እንደሚበቃ በትሕትና አስታውስዎታለሁ።

ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ሻይዎ አይቀዝቅዝ እያልኩ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣

ኡሙሀኒ ፈድሉ
ጉለሌ፣ ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ የታሰረበትን ክር የቋጠረው አባቴ ነው፤ ለማን እንደሆነ አልነገርኩትም። በሁለት እጅዎ ፈትተውት ከሆነ ተሸንፌያለሁ፤ ስሙን ይሰርዙት። መቀስ አስመጥተው ከሆነ ግን ማክሰኞ አሠልጣኝ ብለው ይጻፉልን። የትኛው እንደሆነ ለመንገር አይድከሙ፤ መቀሱ ያለው ጸሐፊዎ እትዬ ታየች ጋ ነው፣ እትዬ ታየች ደግሞ ጎረቤታችን ናቸው።