ድካምን ከእንቅልፍ ለይተው የለኩት አክስታችን

አክስታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ከአራት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ትምህርታቸውን ከሰፈራቸው ሳይርቁ አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ተመረቁ።

በ1971 ዓ.ም. የሚሠሩበት ሆስፒታል ምድር ቤቱ ውስጥ የእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል ሲከፍት እሳቸው ተመደቡ። ሥራቸው የታካሚውን ፀጉር በማበጠሪያ እየከፈሉ ቀጫጭን ሽቦዎችን ራሱ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚጽፈውን የአንጎል ሞገድ ማንበብ ነበር። ታካሚዎቹ «እትዬ ሽቦ» አሏቸው። ስሙን ስለወደዱት ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «ሽቦ ነኝ» ይሉ ነበር። የአንድ ሰው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ወረቀት ይፈጃል። አንዱን ኮሪደሩ ላይ ዘርግተው አሳይተውኛል፤ ጫፉ አልደርስልህ ሲለኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡት ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ኤሌክትሪሺያን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወልደዋል።

ታናሽ እህታቸው፣ ማለትም የእኔ እናት፣ መምህርት ናት። በየዓመቱ ቀኑ ሲያጥርና ሰማዩ ሲጨልም ከአልጋ መነሣት ያቅታት ነበር። ቤተሰቡ ስንፍና ነው አለ። አክስታችንም ሳይቀሩ «ሰውነትሽን ስንፍና አታስለምጂው» ብለው ተቆጥተዋታል። በ1979 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍላት፣ «እንቅልፍ ሊገድለኝ ነው» እያለች ምድር ቤቱ ድረስ መጣች። የክፍሉ ሐኪም እንድትለካ ፈቀዱ።

ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ አራት ጊዜ መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል አስተኟት። እንቅልፍ የናፈቀው ሰው እዚያ አልጋ ላይ በጥቂት ደቂቃ ጭልጥ ይላል። እናቴ ግን አራቱንም ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ተጋደመች እንጂ፣ ማሽኑ አንድም የእንቅልፍ ምልክት አልጻፈም። አክስታችን ሽቦው የተላቀቀ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ፈተሹት። የተላቀቀ የለም። ከዚያ ለሁለት ሳምንት የሌሊቱን ለኩ። አልጋ ላይ የምትቆየው አሥራ አንድ ሰዓት፣ የምትተኛው ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ተገኘ።

ወረቀቱን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። «የያዘሽ እንቅልፍ አይደለም፤ የድባቴ ድካም ነው። ሰነፍ ያልኩሽ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ይቅር በይኝ» አሏት።

«እትዬ፣ እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር» አለቻቸውና አለቀሰች።

ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ደማቅ መብራት ፊት እንድትቀመጥ፣ አልጋ ላይ የምትቆይበትንም ሰዓት እንድታሳጥር አዘዙላት። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ በየዓመቱ ይመለሳል። ነገር ግን ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ ተመልሳ ጡረታ እስክትወጣ አስተማረች። አክስታችንም በጨለማዎቹ ወራት በየማለዳው ይደውሉላት ነበር። ከዚያ በኋላ «እንቅልፍ አሸነፈኝ» ብሎ በመጣ በማንም ታካሚ ላይ ሳይለኩ አልፈረዱም። በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ አራት ሺህ ያህል ሰው ተኝቶ አይተዋል፤ የአንዱንም ምስጢር አውጥተው አያውቁም።

ኩላሊታቸውን ለሁለት ዓመት ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆችና ሦስት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህ ወር ለእናቴ ከባዱ ወር ነው። ዛሬ ግን የሚደውልላት ሳይኖር በጊዜ ተነሥታ፣ ለብሳ፣ በራችንን እያንኳኳች ለዚህ ስንብት ሁላችንንም የቀሰቀሰችን እሷ ናት።

ፈጣሪ ለደከመው ሁሉ የራሩትን የአክስታችንን ነፍስ በብርሃኑ ያሳርፍልን፤ ለእናንተም ለሐዘንተኞቹ እውነተኛ ዕረፍት ይስጣችሁ።