የማይገጥሙ ማዕዘኖች

ሰኞ

አሁንም አልገጠመም። አራት ጊዜ ቆረጥኩ፣ አራት ጊዜ ገጣጠምኩ፤ የፍሬሙ ማዕዘን ላይ ያቺው ክፍተት። ጥፍር ታስገባለች። ፍሬሙ የወይዘሮ ጽጌ ነው፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ የሚገባበት። ባለፈው የተበላሸውን ልተካላቸው ቃል ገብቼ፣ ይኸው እሱኑ ደገምኩት።

ክፍተቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እኔ እንዳልኩት ከሆነ ክፍተቱን የሚያመጣው የአዴር ዑመር ዓይን ነበር። አዴር ከሄደ ደግሞ ሦስት ሳምንቱ።

እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ይህችን የከዚራ ሰፈር የፍሬም ሱቅ የከፈተው እሱ ነው። ሥራውን ያስተማረኝም እሱ። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ሲቆርጥ እኔ ሳጣብቅ ኖርን። ሰፈሩ ሁሉ «አዴር» ይለዋል፣ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት። ያን ቀን ወይዘሮ ጽጌ ፍሬሙን አገላብጠው «ምነው ይሄ ማዕዘን ተከፈተ?» ሲሉ እፍረቱ አናቴ ላይ ወጣ። «እርስዎ ከእንግዲህ ማሽኑን አይንኩ፣ ዓይንዎ አያይም» አልኩት፣ እሳቸው ፊት። ዕድሜዬን «አንተ» ስለው የኖርኩትን ሰው፣ እንደ ባዳ! ጋዋኑን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለና ወጣ። እስከ ዛሬ ስልክ አያነሳም።

ማክሰኞ

መቁረጫ ማሽኑን ከሶኬት ነቀልኩት። ዛሬ ምርመራ ብቻ።

- የዲስኩ ጥርስ፦ ደህና ነው፣ በቅርቡ የተሳለ።
- ዲስኩ ይወላገድ እንደሆነ በእጄ አዞርኩት፦ አይወላገድም።
- ብሎኖች፦ ጠብቀዋል።
- ዲስኩ ከጠረጴዛው ጋር፣ ከዚያም እንጨቱ ከሚደገፍበት ብረት ጋር፦ እስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያ ብረቱን፣ አስጠጋሁ። ልክ። ብርሃን እንኳ አያሳልፍም።

ታዲያ ምንድን ነው? መልሼ ሰካሁትና አንድ ጣውላ ቀጥ አድርጌ ለሁለት ቆረጥኩ። አንዱን ቁራጭ ገልብጬ ከሌላው ጋር ገጠምኩት። ማሽኑ ልክ ከሆነ ሁለቱ ይገናኛሉ። አልተገናኙም። እስኳድራው ልክ ነው ይላል፣ ጣውላው አይደለም ይላል። አንዳቸው ይዋሻሉ።

አዴር እስኳድራ አይወድም። እሱ ወረቀት ያጥፋል፤ አንዴ አጥፎ፣ እጥፉን በራሱ ላይ መልሶ ይደግመውና ማዕዘኑን ዲስኩ ላይ ያስጠጋል። «ብረት ይወድቃል አባዮ፣ ወረቀት ቢወድቅ ምን ይሆናል?» ይለኝ ነበር። አባዮ እህቴ ማለቱ ነው። እኔ እስቅበት ነበር። ዛሬ ግን አጠፍኩ፣ አስጠጋሁ። በወረቀቱና በዲስኩ መካከል ቀዳዳው ፈጦ ታየኝ።

እስኳድራውን ካርቶን ላይ አድርጌ መስመር አሰመርኩበት፣ ገልብጬ ደገምኩ። ሁለቱ መስመሮች ከአንድ ነጥብ ተነስተው ተለያዩ። ጠማማ ነው።

መቼ እንደጠመመም አውቃለሁ። ፋሲካ ሰሞን መብራት ጠፍቶ በችኮላ ዕቃ ስሰበስብ፣ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አንስቼ በቀሚሴ ጠረግኩትና ሰቀልኩት። በሳምንቱ አዴር በሌለበት ማሽኑን በዚሁ እስኳድራ «አስተካከልኩት»። ማዕዘኖቹ መከፈት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ታይዋን ገበያ ሄጄ አዲስ እስኳድራ ገዛሁ። ካርቶን ላይ እያሰመርኩ እየገለበጥኩ አንድ በአንድ ስፈትን ሻጩ «አቦ፣ ልታገቢው ነው እንዴ?» አለኝ። አራተኛው ልክ ሆነ።

ማሽኑን አላላሁ፣ አቃናሁ፣ አጠበቅኩ። ብሎኑን ማጥበቁ ራሱ መልሶ ያንሸራትተዋል፤ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። ከዚያ የወይዘሮ ጽጌን ፍሬም ቆረጥኩ። አራቱም ማዕዘን ገጠመ፣ ፀጉር አያስገባም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወደ አዴር መሄድ አለብኝ። ዛሬ ግን ሙቀቱ አያስወጣም። ሰበብ ነው፣ አውቃለሁ።

ሐሙስ

ሐፈት ኢሳ ሰፈር፣ አዴር ያለበት ልጁ ሆዳን ቤት ሄድኩ። ሆዳን በር ላይ ያዘችኝ፤ «ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ። ሐኪም ቤት ወስዳዋለች። አንዱ ዓይኑ ላይ ስስ ሞራ አለ፣ ሌላው ደህና ነው ተብሏል። «አላመነም። ዓይኔ ሞቷል ብሎ መስጊድ እንኳ ብቻውን መሄድ ትቷል» አለች።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል። ሁሉንም ነገርኩት፤ የእስኳድራውን መውደቅ፣ ማሽኑን እኔ ማበላሸቴን፣ የወረቀቱን ነገር። ስጨርስ ቀና ብሎ፦

«ሰው ፊት ነው የተናገርሽው አባዮ። ለብቻዬ ምን ትነግሪኛለሽ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ እውነቱን ነው። ቅዳሜ ወይዘሮ ጽጌ ፍሬሙን ሊወስዱ ሲመጡ እንዲገኝ ለመንኩት። እሺም እምቢም አላለኝም።

ዓርብ

አልሠራሁም። ሱቁን ሁለቴ ጠረግኩ። ቢቀርስ? ቢመጣስ ምን እለዋለሁ?

ቅዳሜ

መጣ፣ ሆዳን ክንድ ላይ ተደግፎ። ወይዘሮ ጽጌ ቀድመው ተቀምጠው ነበር፣ የባለቤታቸውን ፎቶ ጭናቸው ላይ አድርገው። ቆሜ ለወይዘሮ ጽጌ ነገርኳቸው፦ «ያኔ ፍሬምዎን ያበላሸው የአዴር ዓይን አይደለም። ማሽኑን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። በእርስዎ ፊት አዋረድኩት፣ በእርስዎ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ወይዘሮ ጽጌ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔም እኮ ያን ቀን ሰምቼ ዝም አልኩ» አሉና ተነስተው የአዴርን እጅ ጨበጡ።

አዴር ፍሬሙን ተቀብሎ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። አላያቸውም፣ ዳበሳቸው።

«ወላሂ፣ ያኔ ክፍተቱ ታይቶኝ ነበር» አለኝ። «ማሽኑን እንየው ልልሽ ስል፣ አንቺ ዓይንዎ አያይም አልሽኝ። አሥራ አንድ ዓመት ዋሽተሽኝ አታውቂም። አንቺን አመንኩ።»

አንድ የፍሬም እንጨት አቀበልኩትና «አንዴ ቁረጥልኝ» አልኩት። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረው።

«ዛሬ ይቅር» አለ።

ሌላ ቀን ማለቱ ይሁን፣ በቃኝ ማለቱ፣ ለመጠየቅ ፈራሁ። በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። አዴር ይህን መንገድ ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። ሐኪሙ ታያለህ ብሎታል፣ እኔም ታያለህ ብዬዋለሁ። ባጃጁ ጋ እስኪደርስ ድረስ ግን የሆዳንን ክንድ አልለቀቀም።