በታምበርሊን ጎዳና መሀል ለመሀል መስመር ለሳባችሁ ክቡራን

ለተከበራችሁ የምርጫ ክልል ወሰን ኮሚሽነሮች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ፤ በተለይ የዐይናችሁን፣ ካርታ ላይ ሲያፈጡ መዋል ያደክማልና። ይህን የምናገረው እኔ ሳቬሪዮ ፓንታሌዮ ነኝ፤ ከጣሊያን አገር፣ ከካላብሪያ የመጣሁ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ የሰማንያ አራት ዓመት ግንበኛ። ብዕሩን የያዘው ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ጡረተኛው መምህር ጉርዲያል ሲንግ ነው። ስድብ አልጽፍም ብሎ አስቀድሞ ስላስማለኝ ለትሕትናዬ እሱን አመስግኑት።

ባወጣችሁት ረቂቅ የኛ የማክብራይድ ሚልስ ምርጫ ክልል ሰው በዝቶበታል ተብሎ በጎዳናችን መሀል ተሰንጥቋል። የኔ ቤት እዚያው ማክብራይድ ሚልስ ሲቀር የጉርዲያል ቤት አጎራባቹ ኤልምዴል ክልል ገብቷል። ለድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ፣ ጥቂት ቅሬታ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ታሪካችንን «ቀድሞ የእርሻ መሬት፣ ዛሬ የመኖሪያ ሰፈር» ብላችሁ በአንድ መስመር ስለጨረሳችሁልን ወረቀት ቆጥባችኋል። ባለወፍጮው ማክብራይድ ስሙን ጥሎልን ሲሄድ የቀረው ጭቃና የፖም ዛፍ ነበር። የዛሬ ስድሳ ዓመት እኛ ካላብሪያዎችና ፖርቱጋሎች መሠረቱን ቆፈርን፤ ኋላ ጃማይካዎቹ፣ ከዚያም ታሚሎቹና ፑንጃቢዎቹ ገቡ። በነሐሴ እኔ ጋራዥ ውስጥ የቲማቲም ድልህ ሲፈላ የሚያማስለው ጉርዲያል ነው፤ ዞር ስል ቃሪያ ይጨምርበታል። «አልጨመርኩም» እያለ ነው አሁን፤ ጻፈው ብዬዋለሁ። የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ የምትሉት ይህ ካልሆነ ሌላ ስም አውጡለት።

ሁለተኛ፣ አርባ ዓመት ሲባጎ ወጥሬ ገንብቻለሁ። ግንበኛ ሲባጎ የሚወጥረው ግድግዳ ሊያቆም ነው። እናንተ በኛ ደጅ ምን ልታቆሙ እንደወጠራችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው የባቡር ሐዲዱ ነው። ሐዲዱ ጎዳናችንን ጫፉ ላይ ያቋርጠዋል፤ የጭነት ባቡር በቆመ ቁጥር መውጫ የለንም። የዛሬ ስድስት ዓመት በየካቲት የጉርዲያል ባለቤት ሱርጂት ካውር ልቧን ሲያማት፣ አምቡላንሱ ከባቡሩ ማዶ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆሟል። መብራቱ በፉርጎዎቹ መሀል ይታየን ነበር። አልደረሰላትም። እዚህ ላይ ጉርዲያል ብዕሩን አስቀምጦ ነበር፤ ጠበቅሁት።

ከዚያ ወዲህ እሱ በአንዱ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ ከሐዲዱ በላይ መሻገሪያ ድልድይ ይሠራልን ብለን ቤት ለቤት ዞረን የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ፊርማ ሰብስበናል። የመጀመሪያዋ ምልክት የኔ መስቀል ናት። ስድስት ዓመት ደጅ ጠንተን እንደራሴያችን ድልድዩን በጽሑፍ ቃል ገቡልን። ረቂቃችሁ በወጣ ማግስት ቢሯቸው ስደውል ጸሐፊዋ ምን አለችኝ? «አባባ፣ ወሰኑ ይለይ እስቲ፤ ምናልባት የኤልምዴል ሥራ ይሆናል።» ኤልምዴል ስደውል ደግሞ «እርስዎ የኛ መራጭ አይደሉም እኮ» አሉኝ። መስመራችሁ ገና በእርሳስ ሳለ ይህን ያህል ከሠራ፣ በቀለም ሲሆን አስቡት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወደፈለጋችሁት ክልል አስገቡን፣ አንድ ላይ ግን። እምቢ ካላችሁ እኔና ጉርዲያል በሁለቱም እንደራሴዎች ደጅ አብረን እንቆማለን። አንዳችንን «የኛ አይደለህም» የሚል፣ ሌላኛችንን እንዲያ ሊል አይችልም።

እርሳሳችሁ ከሳታቸው ቤቶች በአንዱ የሚኖር፣ ቤቱን በገዛ እጁ የገነባ፣ ከዚያም የማይነቃነቅ አክባሪያችሁ፣
ሳቬሪዮ ፓንታሌዮ (+)

ማስታወሻ፦ የሕዝብ አስተያየት የምትሰሙበት ቤተ መጻሕፍት ከሐዲዱ ማዶ ነው። ባቡር ከቆመ እንዘገያለን፤ እንደ ልማዳችሁ ያለኛ ጀምሩ።

በል ጉርዲያል፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ያለሰለስካት ቃል ካለች አውቃታለሁ።