አዳራሹ ሞልቷል ተብሎ ከበር ከተመለሰ ደንበኛ

ለተከበሩ የማቀዝቀዣ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ቤተሰብዎ ደኅና፣ የቤትዎም ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእርስዎ ዘንድ የገዛሁት ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ወር ሊሞላው ስለሆነ፣ የእናቴ የስኳር መርፌ ከጎረቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሽንኩርት ጋር ተዳብሎ ይኖራል። እናቴም ጠዋትና ማታ የሰው በር ታንኳኳለች።

አንደኛ፣ የጥገና ክፍልዎ በደወልኩ ቁጥር ባለሙያው ለሥራ ወጥቷል እያለ ሳይሰለች ስለመለሰልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የደንበኞች ቀን አዘጋጅተው ቅሬታ ያለው ሁሉ እንዲመጣ ስለጋበዙ፣ ሱቄን ዘግቼ የዋስትና ወረቀቴን ይዤ መጥቼ ነበር። ጠባቂዎ አዳራሹ ጢም ብሎ መሙላቱን ገልጾ፣ ደንበኛ ከሆንኩ ሌላ ቀን እንድመጣ በትሕትና መከረኝ። ከውስጥ ጭብጨባው ይሰማ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ አፈርኩ። ይህ ሁሉ ሰው የወደደውን ዕቃ እኔ ማን ነኝና እከሳለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ሦስተኛ፣ የሞላው አዳራሽ ሲያጨበጭብ የተነሣው ፎቶግራፍ በማግስቱ በየአደባባዩ ተሰቀለ። ጎረቤታችን አይታው፣ ሺህ ሰው ተሳስቶ እኛ ብቻ ልክ ልንሆን እንደማንችል ለእናቴ አስረዳቻት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ፍርዱ እናቴ ላይ ወደቀ። የማቀዝቀዣውን በር አጥብቄ ዘግቼው ይሆናል እያለች ራሷን ትወቅሳለች፤ ከዚያ ወዲህ የቤታችንን በር ሁሉ ቀስ ብላ ነው የምትዘጋው። ይህ አንገብግቦኛል፣ ክቡርነትዎ።

ስለዚህ ፎቶግራፉ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ስፌት አይስትምና፣ ከፊት የተቀመጡት ደንበኞችዎ በሙሉ ጃኬታቸውን ገልብጠው መልበሳቸውን አየሁ። የፋብሪካው ዓርማ እንዳይታይ መሆኑ ገባኝ። ከሁለተኛው ረድፍ መሐል፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ የሚያጨበጭበው፣ ማቀዝቀዣውን ስንገዛ ቤታችን መጥቶ የገጠመልን፣ ያ ለሥራ ወጥቷል የተባለው የጥገና ባለሙያ ነው። አልዋሹኝም፤ ሥራ ላይ ነበር። ሠራተኛው ወንበር ስለያዘ ደንበኛው ውጭ ቀረ።

ለአዳራሽዎ ሙላት እጅ እየነሣሁ፣
በዕለቱ ከመጡት ውስጥ እውነተኛው ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጭብጨባው ካበቃ ባለሙያውን ይላኩልን። ጃኬቱን ግን እንደገለበጠ ይምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ለሰፈሩ ሁሉ ስላነበብኩለት፣ ዓርማው ባይታይ ለእሱም ይሻለዋል።